ጥግ ላይ ያለችው የወፍ እግር

አንዳንድ ሰው ፊት አይቶ ሰላም ይላል፤ እሷ ግን ኮሌታ አይታ ነበር ሰላም የምትለው። ክፋት ኖሮባት አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ ውስጥ እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት፣ ዓይኗ ሳታዘው የሚሄድበት ቦታ አለው። ደንበኛው ገና በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ "ቀኝ እጅጌህ ላይ ቀለም አለ" ትለዋለች። ሰውዬው እጅጌውን ሲያገላብጥ፣ እውነትም አለ።

"ዘይት ጠመኔ ይፈራል፤ ዝገት ሎሚና ጨው ይፈራል" ትል ነበር፣ ሥራዋን ለጠየቃት ሁሉ።

"አንቺ ደግሞ ሰው ትፈሪያለሽ" ይሏት ነበር የላውንደሪው ባለቤት። ጋሼ ነው የምትላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከባንኮኒው ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ከዚያች ወንበር ሆነው የማያዩት ነገር የለም። እሷም ሃምሳ ሊሞላት አንድ ዓመት ቢቀራትም ለእሳቸው ያው "አንቺ ልጅ" ናት።

ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው። የሚገባው ልብስ ሁሉ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ነጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ይደረግለታል፤ መንትያዋ ለደንበኛው ትሰጣለች። ልብሱ ቢታጠብ፣ ቢተኮስ፣ ከመቶ ልብስ ጋር ቢደባለቅ፣ ቁጥሩ እስካለ ድረስ ቤቱን ያውቃል። ቁጥሩ የወደቀበት ልብስ ግን ጓዳ አይደበቅም። ፊት ለፊት፣ መንገደኛው በሚያየው መስታወት ላይ ይሰቀላል። ደረቱ ላይም ወረቀት ይለጠፋል፤ "ባለቤቴን እፈልጋለሁ" ይላል ወረቀቱ። ከሥሩ ደግሞ ቁጥሩን የጣለው ሠራተኛ በገዛ እጁ "ቁጥሩን የጣልኩት እኔ ነኝ" ብሎ ይፈርማል። ልብስ ተኳሹ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈርሟል። "እኔ ከኮቶቹ ጋር ነው የምሰቀለው" እያለ ይቀልዳል። እሷ አንድም ቀን ፈርማ አታውቅም።

ከሥራ ስትወጣ የምትገባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት ክፍል ነው። መስኮቷ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። የእህቷ ልጅ አራት ዓመት አብራት ኖራ፣ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰፋ። ሁለት ብርጭቆ አጥባ ትደረድራለች፤ አንዱ ሳይነካ ነው የሚታጠበው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቋት፣ "አቧራ ይይዘዋላ" ነው የምትላችሁ።

ልጅቱ ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ትታላት ሄዳለች። በስልኩም አንድ ነገር አውርሳታለች። ስለ አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ የሚተርክ፣ ሰባት ዓመት የታየና ከተቋጨም ሦስት ዓመት ያለፈው ተከታታይ ድራማ ነበር። ሁለቱ አብረው ያዩት ነበር። አንድ ትኬት ቆራጭ አለ፤ የጣቢያ ኃላፊዋን ይወዳታል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነገራትም። ድራማው ቢያልቅም ወዳጆቹ አላለቁም። "የጣቢያው ቤተሰብ" የሚባል ግሩፕ አላቸው፤ ስድስት መቶ ሰው አለበት። ጠዋት "ባቡሩ ደርሷል" ብለው ሰላም ይባባላሉ፤ ማታ "ጣቢያው ተዘግቷል" ብለው ይለያያሉ። በመሐል ታሪኩን ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ የሠዓሊዎችንም ሥዕል ከየገጹ እያመጡ ይካፈላሉ።

ግሩፑ አናት ላይ ደንብ ተለጥፏል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ "የሰው ሥዕል ስታመጡ የሣለውን ሰው ስም አብራችሁ አምጡ፤ ከቻላችሁ አስፈቅዱ፤ ምንም ነገር አትቁረጡ።" አንብባዋለች። አውቶቡስ ላይ የተለጠፈ ማሳሰቢያ በሚነበብበት ዓይን ነው እንጂ ያነበበችው፣ እኔን ይመለከተኛል ብላ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳታሰማ የሌላውን ወሬ ስታነብ ከረመች። የሰው ቤት መስኮት ሥር ቆሞ ሳቅ እንደ መስማት ነበር።

አንድ ቀን "የወፍ እግር" የሚባል፣ አርባ ያህል ተከታይ ብቻ ያለው ገጽ አገኘች። ገጹ ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ትኬት ቆራጩ የመጨረሻው ባቡር ከሄደ በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው፤ አጠገቡ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ትቷል። ያችን ባዶ ቦታ ደጋግማ አየቻት። ሰባት ሰው ብቻ ነው የወደደው። እንዲህ ያለ ሥዕል ሰባት ሰው ብቻ?

ከታች በቀኝ ጥግ፣ ሻይ የተረጨ የሚመስል ቡናማ ነገር ነበረበት። ዓይኗ ከዚያ አልነሣ አላት። የእህቷ ልጅ ፎቶ ላይ ብጉሯን የምታጠፋበት ነገር ስልኩ ላይ አለ፤ በጣት ሲነካ ይወለውላል። ወለወለችው። ጠራ። ልክ እንደ ንጹሕ ሸሚዝ ዘርግታ አየችውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግሩፑ ውስጥ አስቀመጠችው። ምንም አልጻፈችበትም። ምን ብላ ትጻፍ?

ሦስት መቶ ሰው ወደደው።

"እጅሽ ይባረክ" አሉ። "አስለቀስሽን" አሉ። አንዷ ደግሞ "አንቺ ነሽ የሣልሽው?" አለቻት። "አይደለሁም" ብላ ጻፈች። ጽሑፉን አየችው። ከዓመት በኋላ ለሰዎች የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል "አይደለሁም" ሊሆን ነው። አጠፋችውና የአበባ ምልክት ላከች። አበባ አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ግን ሁሉም አዎ ብለው ወሰዱት፤ እንደሚወስዱትም ታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ በምሳ ሰዓት ከዚያው ገጽ አንድ ሥዕል ታመጣ ጀመር። ሥራዋን ጠይቀዋት ላውንደሪ ስትል "ካውያ" አሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። "ካውያ ዛሬ ምን ይዛልን መጣች?" ይላሉ። ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ስትጠፋ አርባ ሰው "የት ጠፋሽ?" ብሎ ጻፈ። አርባውንም ቆጠረቻቸው። የእናቷ ለቅሶ ላይ እንኳ አርባ ሰው አልመጣም ነበር። የግሩፑ አስተዳዳሪ፣ "የጣቢያ እናት" የሚሏት ቁጥብ ሴትዮ፣ "ካውያ የኛ ጌጥ ናት" አለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ያደምቃል። አውልቀው የሚመልሱት ቀን ነው ችግሩ።

እንዲህ እየሆነ ሃያ ሦስት ሥዕል ደረሰ።

አንድ ሰኞ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ለብቻዋ መልእክት መጣላት። የላኪው ስም የወፍ እግር ይላል።

"እንደምን አለሽ እህቴ" ይላል መልእክቱ። "በሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሰው በኔ ጥርስ ይስቃል፣ ይበላል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም፤ የጥርስ ወጉ ይኸው ነው። ስለዚህ ሥዕሎቼ ላይ ብቻ አንዲት ምልክት አደርጋለሁ። ሥዕሎቼን ግሩፓችሁ ውስጥ አየኋቸው። ወስደሽ ለሰው ማሳየትሽ አልከፋኝም፤ እንዲታዩ ነው የሣልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጥጓን ለምን አጠፋሻት?"

አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ገባ፤ ሄደ። እሷ እዚያው ቆማለች።

ቢሰድባት ይቀላት ነበር። "ለግሩፑ እናገራለሁ" ቢላት ትለማመጠው ነበር። የጠየቃት ግን ለምን ብሎ ነው። እውነቱን ብትነግረው፣ እድፍ መስሎኝ ነው ብትለው፣ ማን ያምናታል? ደግሞስ ይህ መልስ የሚሠራው ለመጀመሪያው ሥዕል ብቻ ነው። ሁለተኛውም ላይ ያ ቡናማ ነገር እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ሦስተኛው ላይ ጠጋ ብላ አየችው፤ ሦስት ጭረት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፤ የወፍ እግር። የገጹም ስም የወፍ እግር። ጣቷ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ወለወለችው።

በማግስቱ ማታ የእህቷ ልጅ ደወለች። ድምፅዋን ሰምታ "አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?" ስትላት፣ ከጀርባዋ ሸክም እንደምታወርድ ሰው ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። "የብጉር ማጥፊያዬን የሰው ፊርማ ላይ አዋልሽው?"

"ሳቂ። አንቺ ምን አለብሽ።"

"ይቅርታ አክስትዬ። ስሚኝ፣ ቀላል ነው። ከግሩፑ ውጪ፤ ሁሉንም አጥፊ። ግሩፕ እንደ ታክሲ ነው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላ ይመጣል።"

"ላንቺ ነው የሚመጣው። እኔ ያለችኝ አንዲት ታክሲ ናት።"

"እሺ ለሰውዬው ለብቻው ይቅርታ ጠይቂው። ማን ያያል?"

"እሱማ ማን ያያል" አለች። እራት በላሽ ወይ ተባብለው ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱንም ብርጭቆ አጠበች።

ረቡዕ ዕለት እጇ ሥራ ላይ፣ ልቧ ስልኩ ላይ ነበር። አንድ ግራጫ የወንድ ኮት ክንዱ ላይ ቅባት ነበረበት። ጠመኔ ነስንሳ፣ ጠብቃ፣ አራግፋ፣ በእንፋሎት አለፈችበት። መልሳ ልትሰቅለው ስትል የመርፌ ቁልፉ አፉን ከፍቷል፤ ጨርቋ የለችም። ጠረጴዛ ሥር ፈለገች፤ ቅርጫቱን ገለበጠች። በመጨረሻ የማጠቢያው ማሽን ሥር፣ ከብናኝ ጋር ተጠቅልላ አገኘቻት። ቁጥሩ ከማሽኑ በሚንጠባጠበው ውሃ ታጥቦ ጠፍቷል።

ተኳሹ ካውያውን ይዞ ቆመ። "እትዬ፣ አንቺም? እሰይ፣ ብቻዬን ከምሰቀል" አለ። ፊቷን ሲያይ ግን "ግድ የለም፣ ቀልዴን ነው" ብሎ ወደ ሸሚዙ ተመለሰ።

ኮቱን ክንዷ ላይ አድርጋ ጋሼ ፊት ቀረበች። ጋሼ ኮቱን አዩ፤ እሷን አዩ።

"እንግዲህ ወረቀት አምጪ" አሉ።

"ጋሼ፣ ጓዳ ላቆየውና ባለቤቱ ሲመጣ በመልኩ ይለየዋል። ግራጫ ኮት እኮ ነው።"

"ግራጫ ኮት በዚህ ከተማ ስንት አለ? ወረቀት አምጪ።"

አምጥታ በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። ጋሼ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጧት። "በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል። ስንት ነገር እንደሚጠፋ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?"

ጻፈች። ፊደሉ ተንጋደደባት። ኮቱን መስታወቱ ላይ ስትሰቅል አንዲት አላፊ ሴት ቆም ብላ አነበበችና መንገዷን ቀጠለች። ሰማይ አልተደፋም።

"አፈርሽ?" አሏት ጋሼ፣ ስትመለስ።

"አፈርኩ።"

"ጥሩ ነው ማፈር። ግን ያንቺ እፍረት ከኮቱ አይበልጥም። ባለቤቱ ብርድ ላይ ነው ያለው።" ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰው ጓዳ የሚደብቀው ለልብሱ ብሎ እንዳይመስልሽ፣ ለራሱ ነው" አሉና ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ስለ ስልኩ ምንም አያውቁም ነበር።

ለሰውዬው ለብቻው ይቅርታ ማለት ጓዳ መስቀል እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ሃያ ሦስቱ ሥዕሎች ቁጥራቸውን የጣሉት ስድስት መቶ ሰው ፊት ነው።

ሁለት ምሽት ሙሉ ወደ ወፍ እግር ገጽ እየተመለሰች ሃያ ሦስቱንም ከነምልክታቸው አወጣች። አርብ በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ካውያ ምን ይዛ ትመጣለች ብሎ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ የሥራ ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ግሩፑ ውስጥ ሰቀለቻቸው። ከሥራቸው እንዲህ ጻፈች፦

"እነዚህን ሥዕሎች የሣላቸው የወፍ እግር የሚባል ሠዓሊ ነው። ገጹ ከታች አለ፤ ሄዳችሁ ተከተሉት። እኔ መሣል አልችልም። ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ላይ እድፍ መስሎኝ ነበር፤ ሥራዬ እድፍ ማስለቀቅ ስለሆነ። ሦስተኛው ላይ ግን ምልክት መሆኑን አውቄአለሁ። ዝም ያልኩት እንዳትተዉኝ ብዬ ነው። ካውያ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አጠፋቻት፤ ሦስት ጊዜ መለሰቻት። ለወፍ እግርም ለብቻው "መልስህ ግሩፑ ውስጥ አለ" ብላ ላከች። ስልኩን ኪሷ ከተተችና አንድ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የፈሰሰ ቀለም ይዛ እስከ ማታ ታገለች።

ማታ ከፈተችው። አንዱ "ካውያ ብለን መቀስ ኖሯል ያስቀመጥነው" ብሏል፤ መቶ ሰው ስቆበታል። "እጅሽ ይባረክ" ያለቻት ሴት "የማንን እጅ ነበር የምመርቀው?" ብላለች። "መናገሯ ጥሩ ነው" ያሉም ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው ግን ገጹን ለመከተል ሄዷል። የወፍ እግር ተከታይ በአንድ ከሰዓት አራት መቶ ደርሷል። ይህን ስታይ አንድ የገረጣ ሸሚዝ ቀለሙ ሲመለስ እንደምታይ ያህል ደስ አላት፤ ደስታውን የምታካፍለው ሰው ግን አልነበረም።

የጣቢያ እናት ለብቻዋ ጻፈችላት። "እህት ዓለም፣ አዝኜብሻለሁ። ደንቡ ለሁላችንም ነው። አንድ ወር ማንበብ ትችያለሽ፤ መጻፍ አትችይም።" "እሺ" ብላ መለሰችላት። ግሩፑን ስትከፍተው መጻፊያው ተዘግቷል።

ያ ወር ረዘመ። ጠዋት "ባቡሩ ደርሷል" ይባባላሉ፤ እሷ ታነባለች። እንደገና መስኮት ሥር ቆመች። ያሁኑ የሚብሰው ውስጡ ምን ያህል እንደሚሞቅ ስለምታውቅ ነው። የት ጠፋሽ የሚላት የለም፤ የት እንዳለች ሁሉም ያውቃል።

በአምስተኛው ቀን ከወፍ እግር መልስ መጣ። "አየሁት። እድፍ መስሎኝ ያልሽው አሳቀኝ። ሌላው አላሳቀኝም።" ይኸው ነው። ደጋግማ አነበበችው። ይቅር ብዬሻለሁ አይልም፤ አላልኩሽም አይልም። አንድ ጊዜ አስቄዋለሁ አለች ለራሷ፤ በራሱ ጥርስ ይሁን በሠራው አላወቀችም።

የግራጫው ኮት ባለቤት በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ወረቀቱን ነቅሎ ጣለው፤ አላነበበውም እንኳ። "ብርዱ ጨረሰኝ" ብሎ እዚያው ለበሰና ወጣ። ወረቀቱን ከወለሉ አንሥታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ወሩ ሞላ። ጠዋት "ባቡሩ ደርሷል" ብላ ጻፈች። ከስድስት መቶው አራቱ ሰላም አሏት። አንዱ መቀስ ያላት ሰውዬ ነበር፤ "ካውያ፣ ጋለሽ ወይ?" አለ። ለአራቱም ለየብቻ መለሰች።

በዚያው ሳምንት አርብ የወፍ እግር ገጽ ላይ አዲስ ሥዕል ወጣ። ያው አግዳሚ ወንበር ነው፤ ትኬት ቆራጩ ግን የለም። ባርኔጣው ብቻ ተቀምጧል፤ ባጠገቡ ያችው ባዶ ቦታ። ከታች በቀኝ ጥግ ሦስት ጭረት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ግሩፑ ውስጥ ገና ማንም አላመጣውም። እሷ ናት ቀድማ ያየችው።

ለጣቢያው ቤተሰብ ይዛው ብትገባ፣ ከነስሙ፣ ከነምልክቱ፣ ከነገጹ፣ ደንቡ ይፈቅዳል። ያኔ የት ጠፋሽ ያላት አርባው ሰው ምናልባት ቀና ብሎ ያያት ነበር። ጣቷ ቀረበ። ከዚያ ወደ ሠዓሊው ዞራ ጻፈች፦ "እንደምን ዋልክ ወንድሜ። አዲሱን ሥዕል ለግሩፑ ባካፍል ትፈቅድልኛለህ? ካልፈቀድክም ግድ የለም።"

መልእክቱ መድረሱን የምታሳየው ምልክት ታየች። መነበቡን የምታሳየው ግን አልታየችም። ተኳሹ "እትዬ፣ ምሳ አይቀዘቅዝም?" አላት፤ ይቀዘቅዛል አለችው። ሰዓቱ አልቆ ወደ እድፉ ተመለሰች። ማታ አየች፤ የለም። ቅዳሜም የለም። እሑድ ረፋድ ላይ አንድ ሌላ ሰው ሥዕሉን ግሩፑ ውስጥ አስገባው፤ ስሙንም ምልክቱንም አልነካም፤ ሁለት መቶ ሰው ወደደለት። እሷም ወደደችለት።

ከዚያ ወደ ገጹ ተመልሳ ስልኩን ብርጭቆዎቹ አጠገብ አቆመችውና፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሥዕሉን ብቻዋን አየችው። ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ጥጉ ሄደ። የወፏ እግር እዚያው ነበረች።